ሊበሏት ያሰቧትን አሞራ ጅግራ ናት ይሏታል፦ ታንክ ያለው መንግሥት ቃል ምን ያደርግለታል?

የታሪክ መምህሩ (ክር ከፋች) | ቅዳሜ፣ ማታ 1፡40

ሰላም ለመድረኩ ሰዎች። ዛሬ ከሰዓት ሐዋሳ ፒያሳ፣ ጀበና ቡና ላይ ከልጅነት ጓደኛዬ ጋር ተከራክረን ሳንግባባ ተለያየን። ውርርድ አለበት። የተሸነፈ አሞራ ገደል ወርዶ ዓሣ ያበላል። ዳኞቹ እናንተ ናችሁ። እባካችሁ አትጨክኑብኝ፣ የወር መጨረሻ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የትምህርት ቤታችን የክርክር ክበብ ልጆች ስለ ቲያንአንመን አደባባይ፣ በ1989 የቻይና ጦር ቤጂንግ ላይ የተማሪዎችን ሰልፍ በጥይት ስለበተነበት ነገር፣ ጠይቀውኝ ሳነብ ሰነበትኩ። ያነበብኩትን ሳወራለት ጓደኛዬ ከት ብሎ ሳቀ። «ታንክ ያለው መንግሥት ምን ያስለፈልፈዋል? የሚያወራው ለወግ ነው። ባያወራም ይተኩሳል» አለኝ። እኔ አይደለም ባይ ነኝ። ቃሉ ከጥይቱ ቀድሞ ይወጣል። ሊበሏት ያሰቧትን አሞራ ጅግራ ናት ይሏታል አይደል? መጀመሪያ ጅግራ መባል አለባት። አሞራ እንደሆነች ማንም አፉ አያደርሳትም።

ማስረጃዬ ይኸው። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 15 ቀን 1989 ሁ ያኦባንግ ሞተ። ከሥልጣን የተገፋ የፓርቲ መሪ ነበር፤ ተማሪው ይወደው ነበር። ለለቅሶ ብለው አደባባይ ወጡ። ለቅሶው ጥያቄ ወለደ። ሙስና ይቁም፣ ጋዜጣ ነፃ ይሁን፣ መሪዎቹ ያነጋግሩን የሚል። ኤፕሪል 25 ማታ በሬዲዮ፣ በማግስቱ ደግሞ በፓርቲው ጋዜጣ የፊት ገጽ ላይ አንድ ርዕሰ አንቀጽ ወጣ። ነገሩን «ዶንግሉዋን» አለው። በቻይንኛ ሁለት ፊደል ነው። እኛ «ነውጥ» ወይም «ሁከት» የምንለው ዓይነት። ለቻይና ጆሮ ግን ከዚያ ይከብዳል። ከ1966 እስከ 1976 የዘለቀው የባህል አብዮት «አሥሩ የዶንግሉዋን ዓመታት» ተብሎ ነው የሚጠራው። ቃሉን የሰማ የቤጂንግ አዛውንት ትዝ የሚለው የሚዘምር ተማሪ አይደለም። የተሰበረ በር፣ የተቃጠለ መጽሐፍ፣ አስተማሪውን የሚደበድብ ጎረምሳ ነው።

ከዚያ ወዲያ ነገሩ ሁሉ በዚያች ቃል ዙሪያ ሆነ። ሜይ 13 ተማሪዎቹ የርሃብ አድማ ሲጀምሩ ከጠየቋቸው ዋና ዋና ነገሮች አንዱ ይህን ስም አንሡልን የሚል ነበር። የፓርቲው ዋና ጸሐፊ ዣኦ ዚያንግ ቃሉን ማለዘብ ፈለገ። አልሆነለትም። ከሥልጣን ወረደ፤ በ2005 እስኪሞት ድረስ የቁም እስረኛ ሆኖ ኖረ። ሜይ 20 ወታደራዊ አዋጅ ታወጀ። ጁን 3 ለ4 አጥቢያ ጦሩ ሲገባ በድምፅ ማጉያ የሚለቀቀው ቃል አድጎ ነበር፤ «ፀረ አብዮት ዐመፅ» ሆኗል። ጁን 9 የአገሪቱ ዋና መሪ ዴንግ ሺያኦፒንግ የጦር አዛዦቹን ሰብስቦ ሲያመሰግን ወደዚያችው ቃል ተመለሰ። ሁለቱ ፊደላት ልክ ናቸው፤ አንዳንዶች የተቃወሙትም እነዚህኑ ሁለት ፊደላት ነው አለ።

እናቶቻችን «የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ» ይላሉ። ስለ ቃል አክባሪ ሰው ነበር የሚተረተው። ቤጂንግ ላይ እንዳለ ተፈጸመ።

እና ጥያቄዬ፦ ያን ሁሉ ታንክ ያሰለፈ መንግሥት በሁለት ፊደል ላይ ለምን ሙጭጭ አለ?


ባለሦስት ጎማው | ማታ 1፡58

መምህር፣ የዓሣውን ብር አዘጋጅ። ጓደኛህ ልክ ነው። እኔ ቀኑን ሙሉ ከአቶቴ መናኸሪያ እመላለሳለሁ። የባጃጄ ሬዲዮ አይዘጋም። ዜና ሲመጣ ከኋላ የተቀመጠው ሁሉ «ፕሮፓጋንዳ ነው ዝጋው» ይለኛል። ማንም የማያምነውን ማውራት ምን ይጠቅማል?


ቡና በጨው | ማታ 2፡20

ወንድሜ ባለሦስት ጎማው፣ ማመን እኮ አያስፈልግም። መጠራጠር ይበቃል። እኔ የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ሬዲዮው «በሰልፉ ውስጥ ሰርጎ ገቦች አሉ» ካለ አላምነውም። ግን የዚያን ቀን ልጄን ከግቢ አላስወጣም። ቃሉ ሥራውን ሠራ ማለት ነው። እኔ ሳላምነው!

እኔን ሁሌ የሚገርመኝ ግን «ጥቂት» የምትለዋ ናት። የትም አገር ይሁን፣ የወጡት «ጥቂት ግለሰቦች» ናቸው። እሺ፣ ጥቂት ከሆኑ ሠራዊት ምን አስፈለገ? ሁለት ፖሊስ ይበቃቸው የለም? ይህችን ቀዳዳ ለመድፈን ነው «ከጀርባቸው የውጭ ኃይል አለ» የሚባለው። ጥቂት ናቸው፣ ስለዚህ ሕዝብ አይደሉም። ከጀርባቸው ትልቅ ጠላት አለ፣ ስለዚህ ታንክ ይግባ። ሁለቱ አብረው ካልመጡ ሒሳቡ አይሞላም።

የሩማኒያው ቻውሼስኩ እንዲሁ ነበር ያደረገው። ቲሚሽዋራ ላይ ጦሩ በሰልፈኛ ላይ ተኩሷል። ዲሴምበር 20 ቀን 1989 በቴሌቪዥን ቀርቦ ሁሊጋኖች ናቸው፣ የውጭ ስለላ ድርጅቶች እጅ አለበት አለ። በማግስቱ ቡካሬስት ላይ ራሱ ሰልፍ ጠራ። ደጋፊ ብሎ ያሰለፈው ሕዝብ በረንዳው ሥር ጮኸበት። የቀጥታ ሥርጭቱ ተቋረጠ። ግራ ሲገባው ደሞዝ እጨምራለሁ ማለት ጀመረ። በሚቀጥለው ቀን በሄሊኮፕተር ሸሸ። ለካ ጥቂቶቹ እሱ ጋ ነበሩ።


ባለሦስት ጎማው | ማታ 2፡31

ሃሃ እሺ። የሊቢያው ጋዳፊስ? በ2011 ሰልፈኞቹን አይጦች ብሎ ሲያበቃ፣ ወጣቶቹ ኔስካፌያቸው ውስጥ ክኒን እየተጨመረላቸው ነው ያበዱት አላለም? ሲዳማ ላይ ቢሆን ማን ይሰማዋል? እዚህ ኔስካፌ ማን ይጠጣል!


ጡረተኛው ሃምሳ አለቃ | ማታ 3፡05

ልጆቼ እንደምን አመሻችሁ። ይህን እኔ ስናገር የሚጽፍልኝ የልጅ ልጄ ነው። ፊደል ቢሳሳት እሱን ውቀሱት።

በደርግ ጊዜ ወታደር ነበርኩ። መምህር፣ የጠየቅኸው መልሱ አጭር ነው። ቃሉ ለሰልፈኛው አይደለም። ለወታደሩ ነው።

እኛ በረሃ የምንገጥመው ሰው «ወንበዴ» ነበር። «ገንጣይ አስገንጣይ»። ከተማ ያለው ደግሞ «አናርኪስት»። አናርኪስት ምን ማለት እንደሆነ ከመካከላችን አንድ የሚያውቅ አልነበረም። ማወቅም አያሻህም። ማወቅ ያለብህ ያ ልጅ የሰው ልጅ እንዳልሆነ ነው። እንዳንተ እናት እንደሌለችው። «ሰው ግደል» ብሎ ያዘዘን የለም። «አብዮታዊ እርምጃ ይወሰድ» ነው የሚባለው። እርምጃ እኮ መራመድ ነው! ዳዴ የሚል ሕፃን ተነሥቶ የሚያደርገው ነገር። እስከ ዛሬ ድረስ ዜና ላይ «እርምጃ ተወሰደ» ሲባል ሆዴ ይረበሻል። ማን ወሰደ? ማን ላይ? አይባልም። ተወሰደ ብቻ።

አሁን የልጅ ልጄ ስለ ቤጂንግ አነበበልኝ። ሜይ 20 አዋጁ ሲታወጅ የገባው ጦር አልተኮሰም። ሕዝቡ መኪናውን ከብቦ ምግብና ውኃ እያቀበለ አናገረው። ወታደሩ ፊታቸውን አየ። ሴትዮዋን አየ። ከዚያ ወደ ኋላ እንዲመለስ ተደረገ። አያችሁ፣ ውኃ ያጠጣህን ሰው «ፀረ አብዮት» ብትለው አፍህ አይታዘዝልህም። የ38ኛው ጦር አዛዥ ጄኔራል ሹ ቺንሺያን ደግሞ ጭራሽ አልዘምትም አለ። አምስት ዓመት አሰሩት። ጦሩን ሌላ ሰው መርቶት ገባ።

ጠመንጃ ብቻውን አይተኩስም ልጄ። የሚተኩሰው የ19 ዓመት ልጅ ነው። እሱ ደግሞ ከመተኮሱ በፊት አንድ ነገር መባል አለበት።


የታሪክ መምህሩ | ማታ 3፡22

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ለልጅ ልጅዎም ሰላምታ አቅርቡልኝ፣ ፊደሉ ከተማሪዎቼ ይሻላል። «እርምጃ» የምትለዋን ሰኞ ሰሌዳ ላይ ትልቅ አድርጌ ነው የምጽፋት። ሃያ ዓመት ሳስተምር በዚህ ዓይን አይቻት አላውቅም።


ሕግ ተማሪዋ | ማታ 3፡50

ጋሼ ያሉት ላይ አንድ ልጨምር። ስሙ ሕግ ውስጥ ሲገባስ?

እኛ አገር በ1996 ዓ.ም. የአደገኛ ቦዘኔነት መቆጣጠሪያ አዋጅ ወጥቶ ነበር፤ ቁጥር 384። ቦዘኔ ድሮ ሥራ ፈት ማለት ነው። እናት ልጇን ስትቆጣ የምትለው። አዋጅ ውስጥ ሲገባ ወንጀል ሆነ። ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ ስንት ወጣት በዚህ ስም እንደታፈሰ ታላላቆቻችሁን ጠይቁ። ሌባ ብትባል መከላከያ አለህ፤ አልሰረቅሁም ትላለህ። ቦዘኔ አይደለሁም ብለህ ግን በምን ታስረዳለህ? ያደረግኸውን ሳይሆን የሆንከውን ነው የከሰሱህ።

ሌላው ነገር። ስሙ ሲቀየር ደንቡም ይቀየራል። ለሰልፈኛ ማስጠንቀቂያ ይሰጣል፣ ውኃ ይረጫል፣ አስለቃሽ ጭስ ይተኮሳል። ለ«ሽብርተኛ» ይህ ሁሉ የለም። ካዛክስታንን እዩ። ጃንዋሪ 2022 ላይ ነገሩ የጀመረው በመኪና ጋዝ ዋጋ ነው። ዣናኦዜን በምትባል የነዳጅ ከተማ። ከዚያ አልማቲ ደረሰ። እዚያ ሕንፃ ተቃጥሏል፣ ዘረፋም ነበር፤ አልክድም። ጃንዋሪ 7 ፕሬዚዳንት ቶካዬቭ ያለ ማስጠንቀቂያ ተኩሱ ብዬ አዝዣለሁ አለ። አልማቲን ያጠቁት 20 ሺህ ሽብርተኞች ናቸው ተባለ። 20 ሺህ! ያ ጽሑፍ በኋላ ከትዊተር ገጹ ጠፋ። መንግሥት ራሱ ያመነው ሟች 238 ነው። ቁጥሩን ከገጽ ላይ ማጥፋት ቀላል ነው።


ደረቅ እውነት | እሑድ፣ ጠዋት 3፡10

እንደምን አደራችሁ። ሁላችሁም በአንድ ወገን ስለሆናችሁ እኔ ልቃወም።

አንደኛ፣ ሰልፍ ሁሉ በግ አይደለም። ሱቁ የተቃጠለበት ሰው ሁከት ብሎ ቢጠራው አይፈረድበትም። አክስቴ አንድ ጊዜ በእንዲህ ያለ ቀን የሃያ ዓመት ሱቋን አጥታለች። ለእሷ «ነውጥ» የመንግሥት ቃል አይደለም፣ የቤቷ ቃል ነው።

ሁለተኛ፣ ይህ የአምባገነን ብቻ ጠባይ ነው ያለው ማነው? ሜይ 3 ቀን 1970 የኦሃዮው ገዢ ጄምስ ሮድስ የኬንት ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተቃዋሚዎችን ቡናማ ሸሚዝ ከሚለብሱት የናዚ ጓዶችና ከኮሚኒስቶች የባሱ ናቸው አለ። በማግስቱ ብሔራዊ ዘብ ተኮሰ። አራት ተማሪ ሞተ። አሜሪካ ነው፣ ቻይና አይደለም። እንግሊዝም በ1972 ጃንዋሪ 30 ሰሜን አየርላንድ ውስጥ ደሪ በምትባል ከተማ ላይ 13 ሰው ገድላ ቦምብ ወርዋሪዎች፣ ታጣቂዎች ነበሩ ብላለች። ታዲያ ልዩነቱ ምንድነው?


የታሪክ መምህሩ | ጠዋት 4፡02

ደረቅ እውነት፣ እንኳን መጣህ። እንዳንተ ያለ ሰው ከሌለ ክርክር ቡና የሌለው ስኒ ነው።

የመጀመሪያው ላይ፦ የአክስትህ ኀዘን እውነት ነው። ችግሩ መንግሥት ያን ኀዘን ተውሶ ሲጠቀምበት ነው። የደቡብ ኮሪያዋን ግዋንግጁ ውሰድ። ሜይ 17 ቀን 1980 ሌሊት ጄኔራል ቹን ዱ ሁዋን ወታደራዊ አዋጁን በአገሪቱ ሁሉ አስፋፋ። ሜይ 18 አየር ወለድ ጦር ተማሪዎችን በዱላ ቀጠቀጠ። ሜይ 21 ከቀትር በኋላ በክፍለ ሀገሩ ጽሕፈት ቤት ፊት በሕዝብ ላይ ተተኮሰ። ሕዝቡ ከየፖሊስ ጣቢያው ጠመንጃ እየዘረፈ የታጠቀው ከዚያ በኋላ ነው። መንግሥት ሲያወራው ግን ታጣቂ ዐመፀኞችና ሰላዮች አሉ፣ ስለዚህ ጦር ገባ ሆነ። ጭሱን ከእሳቱ አስቀደመው። ስለዚህ፣ የመንግሥት መግለጫ ባነበብኩ ቁጥር የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ የቱ ቀደመ? ሰዓቱን ብቻ ስጡኝ።

(በነገራችን ላይ የግዋንግጁ ሰዎች በጣም የተናደዱት ቴሌቪዥኑ ምንም እንዳልሆነ ዝም ሲል ነው። ሜይ 20 ሌሊት የኤም.ቢ.ሲ.ን ጣቢያ አቃጠሉት። ስድብ ብቻ አይደለም ሰውን የሚያበግነው።)

ሁለተኛው ላይ ልክ ነህ። ቃሉ አንድ ነው። ልዩነቱ ከቃሉ በኋላ ያለው ነው። ስለ ኬንት ስቴት በዚያው ዓመት በፕሬዚዳንቱ የተቋቋመ ኮሚሽን ተኩሱ አላስፈላጊ ነበር፣ ሰበብም የለውም ብሎ ጻፈ። ደሪ ላይ ደግሞ የመጀመሪያው ምርመራ ወታደሮቹን ነፃ አደረገ። ቤተሰቦቹ አለቀቁም። 38 ዓመት። በ2010 ሁለተኛው ምርመራ የሞቱት ለማንም አደጋ አልነበሩም አለ። ጠቅላይ ሚኒስትር ካሜሮን ፓርላማ ቆሞ ይቅርታ ጠየቀ። 38 ዓመት አጭር አይደለም። ግን ቃሉን የሚጎትቱበት ገመድ ነበራቸው። ቤጂንግ ላይ ልጇን የቀበረች እናት በአደባባይ ሻማ ማብራት እንኳ አልተፈቀደላትም።


ደረቅ እውነት | ጠዋት 4፡15

የቅደም ተከተሉ ነገር ገብቶኛል። የአክስቴን ግን አትንኩብኝ።


ከካርቱም የተመለሰው | ጠዋት 4፡40

እኔ ካርቱም ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ። ሬስቶራንት ውስጥ። ቡና በጨው፣ «ሰርጎ ገብ» ስትይ ሳቄ መጣ። ሱዳን ውስጥ «ሙንደሲን» ነበር የሚባለው። ቁርጥ ሰርጎ ገብ ማለት ነው።

ነገሩ ዲሴምበር 2018 ዓትባራ ላይ በዳቦ ዋጋ ጀመረ። የበሽር መንግሥት ቶሎ ብሎ የዳርፉር ዐማፅያን የላኳቸው ናቸው፣ እስራኤልም አለችበት አለ። የዳርፉር ተማሪዎች ተያዙ። ሐሳቡ ግልጽ ነው። የካርቱም ሰው «የዳርፉር ነገር ነው» ብሎ ቤቱ እንዲቀመጥ። ምን ሆነ መሰላችሁ? ሰልፈኛው በግጥም መለሰ። «አንተ ዘረኛ ትዕቢተኛ፣ አገሩ ሁሉ ዳርፉር ነው» እያለ። ቃሉ ተገልብጦ ተመለሰላቸው። እኔ ዐረብኛዬ ስብርብር ነው፤ ያን ቀን ግን ሙሉውን ገባኝ። ሰውነቴ ተወረረ።

ግን ግጥም ጥይት አይመልስም። ጁን 3 ቀን 2019፣ የረመዳን መጨረሻ ላይ፣ በጦሩ ዋና መሥሪያ ቤት ፊት የተቀመጠውን ሕዝብ በተኑት። ከ100 በላይ ሰው ሞተ። ወታደራዊው ምክር ቤት መጀመሪያ ያለው፣ ያነጣጠርነው አጠገቡ ባለ «ኮሎምቢያ» በሚባል የአደንዛዥ ዕፅ ሰፈር ላይ ነው የሚል ነበር። ኢንተርኔት ተዘጋ። ከቀናት በኋላ ቃል አቀባዩ መግለጫ ላይ «የሆነው ሆነ» አለ። ሱዳኖች ይህችን ሐረግ እስከ ዛሬ ይዘዋታል። ሃምሳ አለቃው ያሉት «ተወሰደ» ዐረብኛ ሲናገር እንዲህ ነው።


ቡና በጨው | ጠዋት 5፡00

የተገለበጠ ቃል ስትል፣ ኢራንም አለ። በ2009 ፕሬዚዳንቱ አሕመዲነጃድ ሰልፈኞቹን ገለባና ጉድፍ አለ። ሕዝቡ ስሙን ወስዶ ጉድፉ አንተ ነህ ብሎ መለሰለት። ቱርክ ላይ ኤርዶዋን በ2013 «ጥቂት ቀማኞች» ሲል ወጣቱ «እኔም ቀማኛ ነኝ» የሚል ልብስ አሳተመ። አያችሁ፣ «ጥቂት» እዚያም አለች። አልለቃትም እኔ!


ባለሦስት ጎማው | ጠዋት 5፡12

እሺ ዓሣው በግማሽ ይሁን። እኔም የምፈራት ቃል አለችኝ። «መንግሥት እስካሁን በሆደ ሰፊነት ታግሷል» የምትለዋ። ይህን ከሰማሁ ባጃጇን ግቢ አስገባለሁ። ሆዱ የሰፋ ሊያጠብ ነው ማለት ነው።


ቡና በጨው | ጠዋት 5፡14

የእኔ ደግሞ «ከተማዋ ወደ ቀድሞ ሰላሟ ተመልሳለች»። ስልክ አንሥቼ የምደውለው ያኔ ነው። ማን እንደጎደለ ለማወቅ።


ጡረተኛው ሃምሳ አለቃ | ጠዋት 5፡20

«በሰፊው ሕዝብ ጥያቄ መሠረት»። ሰፊው ሕዝብ መቼ እንደጠየቀ አይቼ አላውቅም።


የታሪክ መምህሩ | ጠዋት 5፡33

ጋሼ፣ የእርስዎን የሚመስል ግብፅ ውስጥ አለ። ጁላይ 24 ቀን 2013 ያኔ የመከላከያ ሚኒስትር የነበረው ሲሲ፣ ሽብርን እንድዋጋ ውጡና ውክልና ስጡኝ ብሎ ሕዝቡን ጠየቀ። ሰው ወጣ። ብዙ ሰው። ኦገስት 14 ከሥልጣን የተነሣውን ፕሬዚዳንት ሙርሲን ደግፈው ካይሮ ራብዓ አደባባይ የተቀመጡት በተኩስ ተበተኑ። ሂዩማን ራይትስ ዎች ቢያንስ 817 ሟቾችን ቆጥሯል። ይህን ሳነብ ነው ቃሉ ለወታደሩ ብቻ እንዳልሆነ የገባኝ። ተመልካቹንም እጁን ያስነክረዋል። አደባባይ ወጥቶ «አዎ» ያለ ሰው በኋላ «ምን አደረጋችሁ?» ብሎ ለመጠየቅ አፉ ይያዛል።


አላሙራ ሥር | ቀን 6፡45

ሰው አገር ስንዞር ዋልን። ሐዋሳ ተቀምጠን ግንቦት 16 ቀን 1994 ዓ.ም.ን ሳናነሣ ልናልፍ ነው? ሎቄ ላይ ስለ ከተማዋ አስተዳደር ሊጠይቅ በሰላም የወጣ ሰው ጥይት ነው የጠበቀው። የሟች ቤተሰቦች ሰፈሬ ውስጥ አሉ። ቤጂንግ ሩቅ ነው።


አወያይ | ቀን 7፡00

ወንድማችን፣ ሎቄ የራሱ ክር ይገባዋል። አሁን ከፍቼዋለሁ። ያያችሁትን እዚያ ጻፉ። የሰው ስም አትጥቀሱ፣ ብሔር አትሳደቡ። ይህኛው በያዘው ይቀጥል።


አላሙራ ሥር | ቀን 7፡04

እሺ እሄዳለሁ። ግን ልብ በሉ፣ «ለብቻው ይታይ» ማለትም ቃል ነው።


የክርክር ክበብ ልጅ | ማታ 12፡50

ቲቸር እኔ ነኝ፣ ማን እንደሆንኩ ያውቃሉ። ሙሉውን አነበብኩት። አንድ ጥያቄ አለኝ። መንግሥት አንዴ የጠራውን ስም መልሶ አንሥቶ ያውቃል? በጉልበት ሳይሆን ራሱ?


የታሪክ መምህሩ | ማታ 1፡25

አውቄሃለሁ፤ የቤት ሥራህንም አልረሳሁም።

ቻይና ራሷ ቀስ እያለች አለዝባዋለች። «ፀረ አብዮት ዐመፅ» የነበረው በኋላ «ፖለቲካዊ ነፋስና ማዕበል» እንደማለት ሆነ። ገዳዩን ሰው ትተው አየሩን እንደመክሰስ ነው። ይቅርታ አይደለም።

ደቡብ ኮሪያ ግን ዞራለች። «ሁከት» የተባለው የግዋንግጁ ነገር ዛሬ «የዴሞክራሲ ንቅናቄ» ነው። እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ ሜይ 18 በመንግሥት ደረጃ ይዘከራል። ቹን ዱ ሁዋን በ1996 ሞት ተፈርዶበት ነበር፤ በኋላ በይቅርታ ወጣ። በ2021 ሲሞት አንድም ቀን ይቅርታ አልጠየቀም።

በጣም የሚገርመው የሃንጋሪ ነው። የ1956ቱን ሕዝባዊ መነሣሣት የሶቪየት ታንክ ደመሰሰው። ታንኩ ያነገሠው ያኖሽ ካዳር ነገሩን «ፀረ አብዮት» አለው። ጠቅላይ ሚኒስትር የነበረው ኢምሬ ናዥ በ1958 ተሰቀለ። ከ30 ዓመት በላይ በመማሪያ መጽሐፍ፣ በጋዜጣ፣ በንግግር ሁሉ «ፀረ አብዮት» ሆኖ ኖረ። ጃንዋሪ 28 ቀን 1989 ኢምሬ ፖዥጋይ የሚባል የራሱ የፓርቲው ትልቅ ሰው ሬዲዮ ላይ ቀርቦ «ሕዝባዊ ዐመፅ ነበር» አለ። አንድ ሐረግ ናት። ፓርቲው ተናጋ። አያችሁ? አገዛዙ የቆመው በዚያ ስም ላይ ነበር። ያኔ የተገደሉት ሕዝብ ከሆኑ እናንተ ማን ናችሁ? ጁን 16 ናዥ በክብር እንደገና ተቀበረ። ጁላይ 6 የሃንጋሪ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ናዥን ነፃ አለው። ያን ዕለት ካዳር ሞተ። በዚያው ቀን።

እና ዴንግ በሁለት ፊደል ላይ ሙጭጭ ያለው ለዚህ ይመስለኛል። ቃሉ መሠረቱ ነው። ከሥር ከሳብከው ቤቱ ይወርዳል።


የመምህሩ ጓደኛ | ማታ 2፡10

ያ የሚስቀው ጓደኛ እኔ ነኝ። ዛሬ ነው መለያ ስም ያወጣሁት፣ በዚህ በእናንተ ጦስ።

ሃምሳ አለቃው አሸንፈውኛል። ጠመንጃ ብቻውን አይተኩስም ሲሉ ተሸነፍኩ። ዓሣው በእኔ። ግን አንድ ነገር ማንም አልመለሰልኝም። ያን ርዕሰ አንቀጽ ቁጭ ብሎ የጻፈው ሰውዬስ? አንድ ሰው ብዕር ይዞ «ዶንግሉዋን» ብሎ ጽፏል። ማታ ቤቱ ገብቶ እራቱን በልቷል። ልጁ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ቢሆን ኖሮ ምን ይለው ነበር? እኔ ከታንከኛው ይልቅ እሱን ማነጋገር ነው የምፈልገው።

ማክሰኞ 11 ሰዓት፣ አሞራ ገደል። አባ ኮዳዎቹ ሳይቀድሙን። ጉልጉል ለእኔ፣ ጥብስ ለመምህሩ። ባለሦስት ጎማው ያመላልሰናል፣ ግማሹን ተስማምቷልና። ሃምሳ አለቃ፣ እርስዎም ይምጡልን።


ባለሦስት ጎማው | ማታ 2፡14

እኔ የተስማማሁት ዓሣውን ለመብላት ነው እንጂ ለማመላለስ አይደለም!


ጡረተኛው ሃምሳ አለቃ | ማታ 2፡40

ልጆቼ፣ ተባረኩ። እኔ ዓሣ አይስማማኝም፣ ሻይ ይበቃኛል። ይህን የሚጽፈው ልጅ ግን ሁለት ሳህን ይበላል፤ ተዘጋጁበት።